ቦርጭ በሁለት ሳምንት

ቦርጭ እንደ ዛሬ ጠላት በዝቶበት አያውቅም። የዘመድ ፎቶ ልይ ብሎ ስልኩን የከፈተ ሰው ጣቱን ሁለት ጊዜ ሳያንሸራትት አንድ ጣሳ ይደቀንበታል። ከጣሳው በስተግራ ሆዱ ቀበቶው ላይ የተዘረገፈ፣ ፊቱን ያጨፈገገ ሰውዬ ቆሟል። በስተቀኝ ደግሞ ያው ሰውዬ፣ ወይም ታናሽ ወንድሙ፣ ሆዱ ገብቶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ መብራት ተጨምሮለት ይስቃል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ከሻጭ ሻጭ አይለያይም፦ «ቦርጭ በሁለት ሳምንት ድራሹ ይጠፋል! ያለ ስፖርት፣ ያለ ዳይት። 100% ተፈጥሯዊ። ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው። ከአሜሪካ የመጣ ኦርጅናል። ጥቂት ፍሬ ስለቀረን ይፍጠኑ። ያሉበት እናደርሳለን። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ከዚህ ሁሉ ድፍረት መሃል ዓይን አፋሩ ዋጋው ብቻ ነው። ብረት ለሚያነሳው ጎረምሳ ሌላ ጣሳ አለለት፤ መክሳቷ ላሳሰባት ደግሞ በዚያው ፍጥነት የሚያወፍር ሽሮፕ አይጠፋም። ይህ ንግድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው አልልም፤ ከጣሳዎቹ ውስጥ የሚሠራም አለ፣ እመለስበታለሁ። የምለው ሌላ ነው፦ ለምርቱ የሚመሰክርለት አብሮት የመጣ ማስረጃ ሳይሆን የማስታወቂያው ጉልበት ነው፤ ጉልበቱም የሚበረታው ማስረጃው በሳሳበት ልክ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእኛው ቡና አለ። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የልብ ቀዶ ሐኪምና የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኮከብ የሆነው ዶክተር መህመት ኦዝ ካልተቆላ ቡና የተዘጋጀ እንክብል ክብደት እንደሚቀንስ በፕሮግራሙ ላይ አሞካሸ። ገበያው ወዲያው ጦፈ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ዙር የሚጠጣ ሕዝብ ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ ቡና ስብ የሚያቀልጥ ቢሆን ኖሮ ጅማ ውስጥ ቦርጫም ሰው በፋኖስ ተፈልጎ ባልተገኘ። «የእኛ እኮ ይቆላል፣ የእነሱ ጥሬ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር በጥሬው ይበዛል፣ ሲቆላ ይቀንሳል። ጥያቄው ግን ጥሬው ያቀልጣል ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ያለው ሕንድ አገር የተካሄደ አንድ ጥናት ነበር። ወጪውን የቻለው ራሱ የጥሬ ቡናውን ጭማቂ የሚሸጠው የቴክሳስ ኩባንያ፣ አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ ነው። የተጠኑት ሰዎች ብዛት 16 ነው። አንድ መለስተኛ ማኅበር እንኳ ከዚህ የሚበልጥ አባል አለው።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ጉዳዩን ሲመረምር የወጣው ነገር ደግሞ ከቁጥሩ ማነስ የባሰ ነበር። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት ዋናው አጥኚ የተሳታፊዎቹን ክብደት ደጋግሞ ቀይሯል፣ ጥናቱ የፈጀውን ጊዜ ለውጧል፣ እውነተኛውን እንክብል የወሰደውንና ባዶውን የወሰደውንም አምታቷል። ጽሑፉን የሚያትምለት መጽሔት ሲያጣ ኩባንያው ሌሎች ሁለት ምሁራን ቀጥሮ እንደገና አስጻፈውና ታተመ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ኩባንያው በመግለጫው ሰዎቹ «ያለ ዳይትና ያለ ስፖርት» ከሱ ሲል፣ ለካስ ተሳታፊዎቹ ምግባቸውን እንዲቀንሱና እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ተነግሯቸው ኖሯል! ኩባንያው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የጽሑፉ ባለቤቶችም በዚያው ዓመት ጥናታቸውን ሰረዙ። ዶክተር ኦዝ በሰኔ 2014 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ ካወደሳቸው ነገሮች አንዳንዶቹ በሳይንስ ሚዛን ተመዝነው እንደማያልፉ አመነ። (በ2025 የአገሩን የአረጋውያንና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የጤና መድን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።) እንክብሉ ግን ዛሬም ይሸጣል። የተሰረዘ ጥናት ጣሳ ላይ ያለውን ሥዕል አይፍቅም፤ ማስታወቂያው የደረሰበት ቦታ ሁሉ ደግሞ እርማቱ አይደርስም።

«ይሁን፣ አንድ ኩባንያ አጭበርብሮ ይሆናል፤ ግን ይሄ ከአሜሪካ የመጣ ነው እኮ» የሚለውን ክርክር ከማንም በላይ የሚወደው ሻጩ ነው። ዳያስፖራው ዘመድ ሲመጣ ከሻንጣው ጫማና ሽቶ ቀጥሎ የሚወጣው የቫይታሚን ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱም እንደ ጸበል በአክብሮት ይከፋፈላል። የሚያሳዝነው ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አሜሪካ ዋስ ለመሆን የመጨረሻዋ አገር መሆኗ ነው። በ1994 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የምግብ ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት መሥራታቸውንም ሆነ አለመጉዳታቸውን መንግሥት እንዲያጸድቅ አይጠይቅም። ለምርቱ ደህንነት ኃላፊው አምራቹ ነው፤ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እጁን የሚያነሳው በአብዛኛው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ያ ሕግ እንዲወጣ የተደረገው ዘመቻ ራሱ ሌላ ቴአትር ነበር። በአንዱ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ተዋናዩ ሜል ጊብሰን የታጠቁ የመንግሥት ኃይሎች ቤቱን ሰብረው ገብተው በቫይታሚን ሲ ሲይዙት ይታያል። ሕዝቡ ደነገጠ፣ ለምክር ቤቱ የደብዳቤ ጎርፍ አዘነበ፣ ሕጉ አለፈ። ኤፍዲኤ ራሱ በ2019 እንደገለጸው በ1994 ወደ 4,000 ገደማ የነበረው የምርት ዓይነት ከ50,000 በላይ ሆኗል። ሕጉ አምራቹን ያስገደደው ጥቂት ነገር ነው፤ አንዱም በጣሳው ጀርባ «ይህ አባባል በኤፍዲኤ አልተገመገመም፤ ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» ብሎ እንዲጽፍ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ምንጊዜም የጣሳው ፊት የሆነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «በኤፍዲኤ የተመዘገበ» የሚለውም ቢሆን አያታልላችሁ፤ የአሜሪካ የምግብ ፋብሪካ ሁሉ እንዲመዘገብ ይገደዳል። መመዝገብ ማለት አድራሻው ይታወቃል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር የምስክሩ ነው። «ጥናት ምናምን አላውቅም፤ እኔ ወስጄ ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ» የሚልን ሰው ውሸታም ማለት ነውርም ስህተትም ነው፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ ያየውን ነው የሚናገረው። ነገር ግን ይህን ምስክርነት የሚመዝንልን አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ሴማግሉታይድ የተባለው ክብደት ቀናሽ መርፌ ሲፈተን 1,961 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለ68 ሳምንት ክትትል ተደረገላቸው፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። መድኃኒቱን የተወጉት በአማካይ ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ቀነሱ። ለእኛ ጉዳይ ግን ወሳኞቹ ሌሎቹ ናቸው፤ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት። የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ብቻ የተጨመረላቸው እነዚህ ሰዎች በአማካይ 2.4 በመቶ ቀንሰዋል፤ ከመካከላቸውም ሲሶ ገደማው ከክብደቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ አራግፏል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አራት ኪሎ ተኩል ነው። በባዶ መርፌ! እነዚህን ሰዎች ሰብስቦ ቪዲዮ የሚቀርጽ ብልህ ነጋዴ ቢኖር በመቶ የሚቆጠሩ ምስክሮች ባገኘ ነበር፤ አንዳቸውም ሳይዋሹ። ሰው አንድ ነገር ልጀምር ብሎ ሲቆርጥ ሳያውቀው እራቱን ይቀንሳል፣ ለስላሳውን ይተዋል፣ ታክሲውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል፤ ምስጋናውን ግን ጣሳው ይወስዳል። የማቅጠኛ ሻይ በዐቢይ ጾም መባቻ ጀምሮ ለፋሲካ ያቆመ ሰው ደግሞ 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ መክረሙን ረስቶ ስለ ሻዩ ሲመሰክር አስቡት። አንዳንዱ የማቅጠኛ ሻይማ እንዲያውም ሰናመኪ የያዘ ነው፤ አንጀትን ያላቅቃል፣ ሰውየውን ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። በማግስቱ ሚዛኑ መቀነሱ እውነት ነው። የቀነሰው ግን ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ስቡ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ የጣሳውን ጀርባ ለአንባቢ ላንብብ፤ ፊቱን ስንት ጊዜ አሳይተውናል። ከታች፣ መነጽር በሚያስፈልግ ፊደል፣ አብዛኛውን ጊዜ «ከተመጣጠነ ምግብና ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጋር ሲወሰድ» የሚል ሐረግ አለ። ከጣሳው ሁሉ በማስረጃ የተደገፈው አረፍተ ነገር ይህ ነው፤ የሚሸጠው ግን እሱ አይደለም። ምግብህን መጥነህ ብትንቀሳቀስ ያለ ጣሳውም ትቀንሳለህ፤ ሳትንቀሳቀስና ሳትመጥን ብትቀር ጥፋቱ የአንተ ነው፤ ጣሳው በሁለቱም በኩል ነጻ ወጣ። ሊሸነፍ የማይችል ክርክር እንዲህ አድርጎ የሠራ ጠበቃ ደህና ክፍያ ይገባዋል፣ ሳይከፈለውም የሚቀር አይመስለኝም።

«ምን ይጎዳል? ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ግን እንዲህ በፈገግታ አይታለፍም። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ ኮሶ ጠጥቶ የዋለ ሰው ተፈጥሮ ርኅራኄዋ እስከ ምን እንደሆነ ያስረዳችኋል። ኤፌድራ የሚባለው ተክል በቻይና ባህላዊ ሕክምና ረጅም ዕድሜ ያለው፣ እንከን የማይወጣለት «ተፈጥሯዊ» ነገር ነበር፤ ስብ አቃጣይ ተብሎ በአሜሪካ በገፍ ሲሸጥ ቆየ። በየካቲት 2003 የባልቲሞር ኦሪዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች የነበረው የ23 ዓመቱ ስቲቭ ቤክለር በልምምድ ላይ ሳለ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወድቆ በማግስቱ ሞተ፤ ኤፌድራ ያለበት ማሟያ ይወስድ ነበር፣ መርማሪውም ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል አለ። ኤፍዲኤ ኤፌድራ ያላቸውን ማሟያዎች ያገደው በ2004 ነው። በ2013 ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ኦክሲኤሊት ፕሮ የተባለ ክብደት ቀናሽ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ በብዛት ሆስፒታል ገቡ፤ ጉበት እስከ መቀየር የደረሱ ነበሩ፣ የሞተም አለ። ሌላው ጣጣ ደግሞ ጣሳው ላይ ያልተጻፈው ነው። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት የኤፍዲኤን የአሥር ዓመት መዝገብ ገልጦ፣ ያልተገለጸ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 ማሟያዎች ቆጥሯል። በክብደት ቀናሾቹ ውስጥ በብዛት የተገኘው ሲቡትራሚን ነው፤ ልብና አንጎል ላይ በሚያመጣው አደጋ በ2010 ከገበያ የወጣ መድኃኒት። በጡንቻ ገንቢዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ ተገኘ። እንግዲህ አንዳንዱ ጣሳ እውነትም የሚሠራ ከሆነ፣ የሚሠራው ምኑ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ለዚህ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። «የመድኃኒት ፋብሪካዎችስ ነጋዴ አይደሉም? እነሱ አልዋሹም?» ነጋዴዎች ናቸው፣ ዋሽተውም ያውቃሉ። ፌን-ፌን በሚል ስም አብረው ይታዘዙ ከነበሩት ሁለት የማቅጠኛ መድኃኒቶች አንዱ የልብ በር እንደሚያበላሽ ታውቆ በ1997 ከገበያ ወጥቷል፤ ጥፋቱ የከፋ ነበር። የመድኃኒት ነጋዴው ከማሟያ ነጋዴው የተሻለ ልብ አለው የሚል የዋህ አይደለሁም። ልዩነቱ ልብ ላይ ሳይሆን ግዴታ ላይ ነው። አንደኛው ከመሸጡ በፊት ሁለት ሺህ ሰው አሰልፎ፣ ባዶ መርፌ ጎን ለጎን አስወግቶ፣ ስንቱን እንዳቅለሸለሸና ስንቱን እንዳስመለሰ ሳይቀር ቆጥሮ ያቀርባል። የመድኃኒቱ ወረቀት በጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር የታጨቀው መድኃኒቱ ከሻዩ ይልቅ አደገኛ ስለሆነ አይደለም፤ የቆጠረ ሰው ስላለ ነው። «ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለውን በሌላ አማርኛ ብንተረጉመው «ማንም አልቆጠረም» ማለት ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት፣ ወደሚሠሩት ልምጣ። ክሬቲን ይሠራል፤ ብረት ለሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚሰጠው ጥቅም በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ከርካሾቹ ማሟያዎችም አንዱ ነው። ሻጩ ግን አልፎት በወርቃማ ጣሳ የመጣውን ቅልቅል ያሳያል፣ ትርፉ እዚያ ነውና። ካፌይን ይሠራል፣ እሱን ደግሞ ጀበናው ያውቀዋል። ፕሮቲን ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል። ጣሳ ውስጥ ያለው ዌይ ፕሮቲን ምንድን ነው ቢባል፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ነው፤ የፈረንጅ አይብ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን ወንዝ ውስጥ ሲደፉትና ለአሳማ ሲሰጡት ኖረው፣ ማጣራትና ማድረቅ ሲችሉ ዱቄቱ ጣሳ ውስጥ ገባ። ይህን ስል ነውር አደረጉ ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ ምግብ ነው። አንድ ማንኪያው 20 ግራም ፕሮቲን ቢይዝ ሦስት እንቁላል ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ጿሚው ስፖርተኛ ደግሞ «ፕላንት ፕሮቲን» የሚለውን በእጥፍ ይገዛል፤ ጀርባው ሲነበብ ብዙ ጊዜ አተር ነው። በእርግጥ ተጣርቶ የተጠናከረ አተር ነው፤ ቢሆንም የሽሮ አገር ሰው አተር በዶላር ሲያስመጣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ሳይሆን ይቀራል? በ2018 የታተመ፣ 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ እንዳሳየው፣ ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ካለፈ በኋላ የሚጨመረው ጥቅሙ አልታየም። የ70 ኪሎ ጎረምሳ 112 ግራም ላይ ደረሰ ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን በቃ የሚባልበትን ቦታ ነግሮት አያውቅም።

ከሁሉም የሚሠራውን ማሟያ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ አዮዲን ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያወረሱን አባቶች እንቅርትን በዓይናቸው በየመንደሩ ስላዩት ነው የተረቱበት። መከላከያው ኢምንት አዮዲን ነው፤ ኢትዮጵያም በ2011 በወጣ ደንብ የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገድዳለች። በጨው ላስቲክ ላይ ግን ሆዱን ገልጦ የሚስቅ ሰው አይታይም። ለነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና ፎሌት ኪኒንም ቲክቶክ ላይ የሚጨፍርለት የለም። የጎደለውን የሚሞላ ነገር ጎድሎት የተገኘ ሰው ይፈልጋል፤ ይህም በምርመራ ይታወቃል። ማስታወቂያው የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ ምንም ያልጎደለው፣ ግን እንደጎደለው እንዲሰማው የተደረገ።

«ገንዘቡ የራሴ፣ ሆዱም የራሴ» ለሚል ሰው መልስ የለኝም፤ እውነቱን ነው። ችግሩ ግን ሻጩ ባዕድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከላይ እስከ ታች በሰንሰለት የተያያዘው ንግድ ጣሳውን በአክስት፣ በጎረቤት፣ በዕድርተኛ እጅ ያስገባዋል። «የእኔ እመቤት፣ አንድ ጊዜ ሞክሪው፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» ሲባል ማን ማስረጃ አምጡ ይላል? የእትዬ እገሌን ፊት ማየት ያሳፍራል፤ ሰንሰለቱ የተሠራውም በዚያ እፍረት ላይ ነው። በዓለም ከታወቁት የዚህ ዓይነት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሄርባላይፍ በ2016 ከንግድ ኮሚሽኑ ጋር ተስማምቶ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ክሱ ሻጮቹ ስለሚያገኙት ገቢ የተነገራቸው ሐሰት ነው የሚል ነበር። እንግዲህ እትዬም በአቅማቸው የተታለሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ቢባልም፣ እዚህ ግን አንዷ ዶሮ ሌላዋን እንድትጥል መጫኛው ተሰጥቷታል። ስለዚህ እምቢታውን ለእሳቸው ሳይሆን ለጣሳው ማድረግ ይቻላል፤ ከእሳቸው ጋር ቡና መጠጣት ይበቃል፣ የተቆላውን።

አሜሪካ ውስጥ በምግብ ማሟያ ምክንያት በየዓመቱ ወደ 23,000 ገደማ ሰው ድንገተኛ ክፍል እንደሚገባ በ2015 የወጣ ጥናት ገምቷል። በእኛ አገር በሻንጣና በቴሌግራም የሚገባው ጣሳ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ደጅ ሳይረግጥ ቤት ይደርሳል፤ ጉዳቱም ሲደርስ ስንቱ እንደሚመዘገብ እንጃ። የገዛችሁ ገዝታችኋል፤ አልፈርድም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ፣ በተለይ የጉበት፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ነገር ከሆነ የወሰዳችሁ፣ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «የለም» ከማለታችሁ በፊት ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት፤ በጀርባው በኩል አዙራችሁ።